የሉል ይዘት ከዳያሜትሩ

ሉል ማለት ከመሃል ነጥቡ እስከ ገጹ ያለው ርቀት በየአቅጣጫው እኩል የሆነ ድፍን ቅርጽ ነው። ይህ ርቀት ሬዲየስ ይባላል፤ እጥፉ ደግሞ ዳያሜትር ነው። የመማሪያ መጻሕፍት የሉልን ይዘት ብዙ ጊዜ በሬዲየስ ይሰጣሉ፦

ይዘት = 4/3 × ፓይ × ሬ³

ነገር ግን ድፍን ኳስ ውስጥ ገብቶ ከመሃሉ መለካት አይቻልም፤ በእጅ የሚለካው ዳያሜትሩ ነው። ሬዲየስ የዳያሜትር ግማሽ ስለሆነ ሬ³ = ዳ³/8 ይሆናል። 4/3 ለ8 ሲካፈል 1/6 ነው። ስለዚህ፦

ይዘት = ፓይ × ዳ³ ÷ 6

ፓይ ለ6 ሲካፈል 0.5236 ገደማ ይሰጣል። ይህም ማለት ሉሉ ልክ በሚገጥመው ሳጥን ውስጥ ቢቀመጥ ከሳጥኑ ግማሽ ትንሽ በለጥ ያለውን ቦታ ይይዛል። መልሱ ከዚህ በጣም ከራቀ ስሌቱን ደግሞ ማየት ይገባል።

የሰራኩሱ አርኪሜዴስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን፣ ሉል እርሱን ልክ ከሚይዘው ሲሊንደር ሁለት ሦስተኛ መሆኑን አረጋግጧል። የሲሊንደሩ ይዘት ፓይ × ዳ³ ÷ 4 ነውና ሁለት ሦስተኛው ያንኑ ቀመር ይሰጣል።

የሴባስቶፖል ጥይት

ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ክብደቱ 7 ቶን ገደማ እንደሆነ ይነገራል። በ1860 ዓ.ም በጋይንት በኩል አድርጎ ወደ መቅደላ በሰው ጉልበት ተጎትቷል። ግማሽ ቶን የሚመዝን ጥይት እንዲተኩስ ታስቦ ነበር ይባላል። እንዲህ ያለ ጥይት ምን ያህል ይሰፋል?

ጥይቱ ድፍን የብረት ሉል ነው እንበል። የቀለጠ ብረት በቅርጽ ፈስሶ ሲጠጥር አንዱ ኩብ ሴንቲሜትር 7.2 ግራም ያህል ይመዝናል። 500,000 ግራም ለ7.2 ሲካፈል 69,444 ኩብ ሴንቲሜትር ነው። ይህን ለ0.5236 ብናካፍል ዳ³ = 132,600 ያህል ይሆናል፤ ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ወደዚህ የሚደርሰው ቁጥር 51 ነው። ዳያሜትሩ እንግዲህ 51 ሴንቲሜትር፣ ማለትም አንድ ክንድ ያህል ነው። ዳያሜትሩ በግማሽ ቢቀነስ ጥይቱ 250 ሳይሆን 62 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ይመዝን ነበር፤ ክብደቱ በ8 እጥፍ ይወርዳልና። ለመድፍ ሠሪ ትልቁ ጣጣ ይህ ነው፤ አፉን ትንሽ ባሰፋው ቁጥር ጥይቱ እጅግ ይከብዳል።

ስለ አለካክ

ዳያሜትሩን በቀጥታ መለካት ሲያስቸግር ዙሪያውን በክር ለክቶ ለ3.1416 ማካፈል ይበቃል። ዙሪያው 69 ሴንቲሜትር የሆነ የእግር ኳስ ዳያሜትሩ 22 ሴንቲሜትር፣ ይዘቱም 5.6 ሊትር ገደማ ነው። 23 ተብሎ ቢለካ ግን ወደ 6.4 ሊትር ይዘላል። በዳያሜትር ላይ የተፈጠረች የ1 በመቶ ስሕተት በይዘቱ ላይ 3 በመቶ ያህል ትሆናለች።

ቀመሩን በሲ ወይም በጃቫ ለሚጽፉ፦ 4/3 በሙሉ ቁጥር ከተጻፈ ኮምፒውተሩ 1 አድርጎ ስለሚወስደው መልሱ በሩብ ያንሳል፤ ፕሮግራሙም ምንም ማስጠንቀቂያ ላይሰጥ ይችላል። ከፓይ ጀምሮ በዳያሜትር ማባዛት፣ በመጨረሻም ለ6 ማካፈል ከዚህ ያድናል።