የላላ የኤሌክትሪክ ግንኙነት፦ ብሬከር የማይቆርጠው አደጋ

ሶኬት ሲግል ወይም ሲጠቁር በብዙ ቤቶች የሚሰማው ምላሽ «ብሬከሩ እስካልጣለ ድረስ ችግር የለውም» የሚል ነው። ይህ ግንዛቤ ስሕተት ነው። ምክንያቱን ለመረዳት የኤሌክትሪክ ሙያ ተማሪዎች የሚማሩበትን አንድ ቀላል ሠርቶ ማሳያ መመልከት ይጠቅማል።

አሠልጣኙ ሁለት ተመሳሳይ ሶኬቶችን በሰሌዳ ላይ ይገጥማል። የአንደኛው ብሎኖች በሚገባ ይጠብቃሉ፤ የሌላው አንድ ብሎን በጥቂቱ ይላላል። ምንም ዕቃ ሳይሰካ ሲለኩ ሁለቱም 220 ቮልት ያሳያሉ፤ ተማሪውም ልዩነት አያገኝም። ልዩነቱ የሚገለጠው የእንጀራ ምጣድ ሲሰካ ነው። 3,500 ዋት የሆነ ምጣድ ወደ 16 አምፔር ይስባል። የላላው ግንኙነት ግማሽ ኦህም ያህል የኤሌክትሪክ ፍሰቱን ቢያግድ፣ ምጣዱ ጋ የሚደርሰው ወደ 212 ቮልት ይወርዳል። የጎደለው 8 ቮልት አይጠፋም፤ በብሎኑ ጫፍ ላይ ወደ 120 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ይሆናል። ይህ የቀድሞው ባለ 100 ዋት አምፖል ከሚሰጠው ሙቀት ይበልጣል፤ ያረፈውም ከጥፍር በሚያንስ ቦታ ላይ ነው።

ሙቀቱ በዚያው አይቆምም። መዳቡ ሲግል ይዝጋል፤ ሲግልና ሲቀዘቅዝ እየሰፋና እየጠበበ ግንኙነቱን ይበልጥ ያላላል፤ የበለጠ መላላቱ ደግሞ የበለጠ ያግለዋል። በተለምዶ የምንጠቀምበት የሽቦ ሽፋን እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲቋቋም የተሠራ በመሆኑ ከዚያ ሲያልፍ ይለሰልሳል፣ ቆይቶም ይከስላል። በክፍተቱ መካከል ብልጭታ (አርክ) መዝለል ሲጀምር የብልጭታው ሙቀት በሺዎች የሚቆጠር ዲግሪ ይደርሳል።

ብሬከሩ ለምን ዝም ይላል? ብሬከር የሚቆርጠው የፍሰቱ መጠን ከተወሰነለት ሲያልፍ ነው። በላላ ግንኙነት ግን ፍሰቱ አይጨምርም፤ እንዲያውም በጥቂቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ብሬከሩ ሥራውን በትክክል እየሠራ ሳለ ሶኬቱ ሊቃጠል ይችላል። ብልጭታን ለይተው የሚቆርጡ መሣሪያዎች አሉ፤ ዓለም አቀፍ መስፈርታቸውም በ2013 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወጥቷል። ሆኖም እነሱም ቢሆኑ ያለ ብልጭታ የሚግል ብሎንን ላያውቁት ይችላሉ።

ከሠርቶ ማሳያው ተማሪዎች የማይረሱት ምናልባት ሬዲዮውን ይሆናል። በመካከለኛ ሞገድ ጣቢያ በሌለበት ቦታ ላይ የተከፈተ ትንሽ ሬዲዮ ብልጭታው ሲጀምር ይንጫጫል፤ ብሬከሩ ያልሰማውን ሬዲዮ ይሰማል። ይህ ሙከራ በሽፋን ውስጥ በአሠልጣኝ ብቻ የሚከናወን ስለሆነ በቤት ውስጥ ፈጽሞ መሞከር የለበትም።

በቤትዎ የሚከተሉትን ምልክቶች ካስተዋሉ ዋናውን ማጥፊያ ያጥፉ፦ ከተጠቀሙበት በኋላ የሚግል ስፒና፣ የጠቆረ ሶኬት፣ የሚቃጠል ፕላስቲክ ሽታ፣ የ«ጥዝዝ» ድምፅ፣ ምጣድ ሲበራ የሚርገበገብ መብራት። ስፒናን አዘንብሎ ወይም በእንጨት ደግፎ መጋገር አደጋውን ያባብሳል። ብሬከሩን በከፍተኛ አምፔር መቀየርም ግንኙነቱን አያጠብቀውም። የቀለጠ ሶኬትና ስፒና አብረው መቀየር አለባቸው፤ አንዱ ብቻ ሲቀየር የተበላሸው አዲሱን ያበላሸዋል።

ከቆጣሪ በኋላ ያለው የውስጥ መስመር የደንበኛው ኃላፊነት በመሆኑ ጥገናው የብቃት ማረጋገጫ ባለው ባለሙያ ይከናወን። መርገብገቡ በጎረቤትም ካለ፣ ወይም አንዱ አምፖል ደምቆ ሌላው ከደበዘዘ፣ ችግሩ ከቆጣሪው በፊት ሊሆን ስለሚችል ዕቃዎችን ነቅለው ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 ያሳውቁ፤ የቆጣሪውን እሽግ አይንኩ። እሳት ከተነሣ መስመሩ ሳይቋረጥ ውኃ አይረጭም። በአዲስ አበባ የእሳት አደጋ ጥሪ የሚደረገው በ939 ነው።