ግድግዳ፣ በርጩማ፣ ጄሪካን

ከያቤሎ ወደ ሞያሌ ሲወርዱ፣ ሜጋ ሳይደርሱ፣ ዱብሉቅ ላይ ከቦረና የቱላ ጉድጓዶች አንዱ ይገኛል። በበጋ ከብት የሚጠጣበት ቀን ሲደርስ ወጣቶቹ ከጉድጓዱ ወለል እስከ ገንዳው ድረስ አንዱ ከሌላው በላይ ይቆማሉ። የሞላው ባልዲ ከእጅ ወደ እጅ ይወጣል፣ ባዶው ይወርዳል፤ ዜማው የሁሉንም ክንድ በአንድ ምት ያስኬዳል። ድሮ ባልዲው ኦኮሌ የሚባል፣ ከቀጭኔ ቆዳ የተሠራ ዕቃ ነበር፤ ዛሬ የፕላስቲኩ በዝቷል። ጎንበስ ቀና እያለ የሚስበውና የሚያቀብለው ግን ያው የሰው ገላ ነው።

ጉድጓዱን ያነሣሁት እኛ የነገሌ፣ የያቤሎና የሞያሌ ከተማ ነዋሪዎች ሱቅ ተቀምጠን፣ ቢሮ ተቀምጠን፣ ባጃጅ ላይ ተቀምጠን ስለምንውል ነው። ጉልበት ማጎልበት ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው ጂምና ብረት ነው። ጂም ከሌለ ነገሩ እዚያው ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ግን አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ዋና ዋና ጡንቻዎቹን ሁሉ የሚያሠራ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። ይህ ከእርምጃውና ከሩጫው በተጨማሪ የሚፈለግ ነው፤ በሯጮች አገር ቶሎ የሚረሳውም ይኸው ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ዕቃ ደግሞ በየቤቱ አለ።

ከፑሽ አፕ እንነሣ፤ ብዙ ጀማሪ ተስፋ የሚቆርጠው እዚያ ላይ ነውና። ወለል ላይ ተዘርግቶ ፑሽ አፕ የሚሠራ ሰው የራሱን ክብደት ሁለት ሦስተኛ ገደማ በእጁ ይገፋል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ ወደ 40 ኪሎ የሚጠጋ ሸክም ነው። በሕይወቱ ብረት ገፍቶ የማያውቅ ሰው በመጀመሪያው ቀን 40 ኪሎ ግፋ ቢባል እሺ አይልም፤ ወለሉ ላይ ሲተኛ ግን ሳያውቀው የሚሞክረው ይህንኑ ነው። ሁለቴ ገፍቶ ወገቡ ይጎብጣል፣ አልችልም ብሎ ይተወዋል። ጥፋቱ የሰውየው አይደለም፤ የጀመረበት ቦታ ነው።

ሸክሙን መቀነስ ግን ይቻላል። ጉልበትን ወለል ላይ አስደግፎ መግፋት ሸክሙን ወደ ግማሽ ክብደት ያወርደዋል። እጅን 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ ነገር ላይ፣ ለምሳሌ በማይንቀሳቀስ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ፣ ማሳረፍ ደግሞ ወደ 40 በመቶ ያደርሰዋል። ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ መግፋት ከሁሉም ይቀላል። ስለዚህ መንገዱ ከግድግዳ ወደ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ ወደ በርጩማ፣ ከበርጩማ ወደ ወለል ነው። በእኔ እምነት ጉልበትን ከማንበርከክ ይልቅ ይህ ይሻላል፤ ገላን ከራስ እስከ ተረከዝ ቀጥ አድርጎ መያዝን ከመጀመሪያው ቀን ያስተምራልና።

ለእግር የምናውቀው ቁጭ ብድግ አለ። ጀማሪ በርጩማውን ከኋላው አድርጎ፣ እጁን ሳይጠቀም፣ እስከ ሦስት እየቆጠረ ቀስ ብሎ ይቀመጥ፤ ከዚያ ይነሣ። ሲለምደው በርጩማው ይነሣለታል። ለሆድና ለወገብ በክንድና በእግር ጣት ተደግፎ ገላን እንደ ሳንቃ አቅንቶ መቆየት ነው፤ ለመጀመሪያ 15 ሰከንድ ይበቃል።

ቤት ውስጥ የሚያስቸግረው መሳብ ነው፤ የጀርባ ጡንቻ መግፋትን ሳይሆን መሳብን ይፈልጋል። እዚህ ላይ ጄሪካኗ ትደርስልናለች። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነውና ባለ 5 ሊትሯ 5፣ ባለ 20ዋ 20 ኪሎ ያህል ትመዝናለች፤ በመካከል ያለውን በመቅዳት መመጠን ይቻላል። አንድ እጅን በርጩማ ላይ ደግፎ፣ ጀርባን አቅንቶ፣ በሌላው እጅ ጄሪካኗን ከመሬት ወደ ጎድን መሳብ ነው። ውኃ በሚያጥርበት ሰሞን አሸዋም ይሆናል። በየቀኑ ውኃ የሚቀዱ እናቶችና እህቶች ይህን ሸክም ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ለእነሱ የሚጎድለው ሁለቱንም ጎን እኩል ማሠራት ነው። በር ዘግቶ፣ ከሰው ዓይን ርቆ፣ ያለ ክፍያ መሥራት መቻሉም ለብዙ ሴቶች ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ጉድጓዱ ልመለስ። ከብት የሚጠጣበትን ተራ የሚያስከብር አባ ሄሬጋ የሚባል ሰው አለ፤ ሄሬጋ በኦሮምኛ ስሌት ማለት ነው። በበጋ ከብቱ በየሦስት ቀኑ እንጂ በየቀኑ አይጠጣም፤ ሥርዓቱን የሚያቆመው የተራው መጠበቅ ነው። ለጡንቻም ተራ ያስፈልጋል። ጡንቻ የሚጠነክረው ከሥራው በኋላ ባለው እረፍት ነው፤ ስለዚህ ሰኞ ከሠሩ ማክሰኞን ማረፍ፣ ረቡዕና ዓርብ መመለስ ለጀማሪ በቂ ነው። በአንድ ቀን ጀግንነት ተሠርቶ ሳምንቱን በሕመም ከመተኛት ይህ እጅግ ይሻላል።

እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ይሥሩ፤ አቅምዎ ከማለቁ ሁለት ያህል ሲቀር ያቁሙ። በሁሉም ዙር 12 ወይም 15 ያለ ጭንቅ ሲደርሱ ወደሚቀጥለው ከፍታ ይውረዱ ወይም ጄሪካኗ ላይ ይጨምሩ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጉልበት ሲጨምር ክንድ ላይ ለውጥ ባይታይ አይገረሙ። መጀመሪያ የሚማረው ጡንቻን የሚያዘው ነርቭ ነው፤ የጡንቻው መወፈር ቆይቶ ይመጣል። እንቁላል፣ ወተት፣ ሽሮና ባቄላ ለዚያ ይረዳሉ።

ትንፋሽ አይያዝም፤ ሲገፉ ያስወጡ፣ ሲመለሱ ያስገቡ። በማግስቱ ጡንቻ ቢቆረቁር በጥቂት ቀን ይለቃል። መገጣጠሚያ የሚወጋ፣ ደረት የሚያጨናንቅ ወይም የሚያዞር ነገር ከመጣ ግን ወዲያው ያቁሙና ጤና ጣቢያ ይሂዱ። የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ሴትም ከመጀመራቸው በፊት ሐኪም ይጠይቁ። በቆላው ሙቀት የሚሻለው ሰዓት ማለዳ 12 ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ነው።

ነገ ማለዳ ከግድግዳው ይጀምሩ፤ ስንት ጊዜ እንደገፉም ደብተር ላይ ይጻፉ። ለመጀመሪያው ቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል።