የኬንያ መራጭና አድራሻ ያጣው ጸጸት

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 ኬንያውያን ዊልያም ሩቶን በ50.49 በመቶ ድምፅ ፕሬዚዳንት አድርገው ሲመርጡ፣ ከተፎካካሪያቸው ከራይላ ኦዲንጋ የለያቸው 233 ሺህ ያህል ድምፅ ብቻ ነበር። ውጤቱ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ከጸና በኋላ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ «ሐስለር» ማለትም ጥሮ ግሮ አዳሪ ለሚባለው ሕዝብ ቆሜያለሁ ያሉት መሪ፣ በናይሮቢ አደባባዮች በወንጌሉ ቀራጭ በዘኬዎስ ስም መጠራት ጀመሩ። ሰልፈኞቹም ከሾላው ዛፍ እንዲወርዱ እየጮኹ ይጠይቋቸው ነበር። ከዚህ በመነሣት የመረጣቸው ሕዝብ ተጸጽቷል የሚለው አባባል በጋዜጦችም ሆነ በቡና ላይ ጨዋታ እንደ ተረጋገጠ ነገር ሲነገር ቆይቷል፤ ነገር ግን የጮኸው ማን፣ ድምፁን የሰጠው ማን እንደ ሆነ ሳይለዩ ስለ ጸጸት መናገር አይቻልም።

የምርጫ አጥኚዎች በዚህ ረገድ በሁለት ነገሮች መካከል ልዩነት ያደርጋሉ። አንደኛው በተመረጠው ሰው ሥራ ማዘን ሲሆን፣ ሁለተኛው የራስን ውሳኔ መንቀፍ፣ ማለትም ቀኑ ቢመለስ ሌላውን እመርጥ ነበር ማለት ነው። የመጀመሪያው በየትም አገር የተለመደ ነው፤ ሁለተኛው ግን ለመለካት እጅግ ያስቸግራል፣ ምክንያቱም መራጩ ያደረገውን ራሱ በትክክል አያስታውስም፣ ወይም ሊያስታውሰው አይፈልግም። አሜሪካዊው ጆን ኬኔዲ እ.ኤ.አ. በ1960 ያሸነፉት ግማሽ በማይሞላ ድምፅ ሆኖ ሳለ፣ ከተገደሉ በኋላ በተደረገ መጠይቅ ላይ ከተጠየቁት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ እርሳቸውን እንደ መረጡ ተናግረዋል። ሪቻርድ ኒክሰን ደግሞ በ1972 ከ50 ግዛቶች 49ኙን ጠራርገው ያሸነፉ ቢሆንም፣ በዋተርጌት ቅሌት ምክንያት ሥልጣን ሲለቁ የመረጣቸው ሰው የጠፋ እስኪመስል ድረስ ደጋፊያቸው ተሸሽጓል፤ ብቻዋን ያልመረጠቻቸው የማሳቹሴትስ ግዛት ነዋሪዎችም በእኛ አታሳብቡ የሚል ጽሑፍ በመኪኖቻቸው ላይ ለጥፈው ነበር። የሕዝብ ጸጸት ብዙ ጊዜ ንስሐ ሳይሆን ዝምታና መርሳት ሆኖ እንደሚገለጥ ከእነዚህ ሁለት ታሪኮች በላይ የሚያስረዳ ማግኘት ያዳግታል።

ወደ ኬንያ ስንመለስ፣ ሩቶን ለቤተ መንግሥት ያበቃቸው በኬንያ ተራራ ዙሪያ የሚገኘው፣ ኪያምቡን፣ ኒዬሪን፣ ሙራንጋንና ኪሪንያጋን የሚያካትተው ሕዝብ የሰጣቸው ከፍተኛ ድምፅ ነው። ይህ አካባቢ የተሰናባቹ ፕሬዚዳንት የኡሁሩ ኬንያታ መሠረት የነበረ ሲሆን፣ ኡሁሩ ከቀድሞ ባላጋራቸው ከራይላ ጋር ታርቀው እርሳቸውን ምረጡ ባሉ ጊዜ፣ ሕዝቡ አሻፈረኝ ብሎ የምክትላቸውን የሩቶን አንድ ጎማ ያለው የእጅ ጋሪ፣ ማለትም የፓርቲውን ምልክት መርጧል። ከኪያምቡ ወጥቶ እስከ ሞያሌ ጭነት የሚያመላልስ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ይህን ሲያስረዳ፣ «ኡሁሩ ራይላን ሲያመጣብን ጊዜ ሩቶን የወደድነው መሰለ፤ እኛ ግን ኡሁሩን ነበር የተቆጣነው» ብሏል። ይኸው ሰው ተጸጽተሃል ወይ ለሚለው ጥያቄ የሰጠው መልስ፣ «ድምፄን ስሰጥ የማውቀውን አውቄ ነው የሰጠሁት፤ የተጸጸትኩት በናፍጣው ነው» የሚል ነበር።

የናፍጣው ነገር ያለ ምክንያት አልተነሣም። ሩቶ በመስከረም 2022 ቃለ መሐላ በፈጸሙበት ዕለት፣ መንግሥት ለነዳጅና ለበቆሎ ዱቄት የሚያደርገው ድጎማ ዘላቂ አይደለም ብለው ድጎማውን የማንሣት ጉዞ ጀመሩ፤ በምትኩም 50 ኪሎ የማዳበሪያ ጆንያ ከ6,500 ሽልንግ ወደ 3,500 እንዲወርድ፣ ለአነስተኛ ነጋዴም በእጅ ስልክ ከ500 ሽልንግ ጀምሮ የሚሰጥ ብድር እንዲቋቋም አደረጉ። በ2023 የወጣው የፋይናንስ ሕግ ግን በነዳጅ ላይ የነበረውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ከ8 ወደ 16 በመቶ አሳደገ፤ ከደመወዝ ላይም 1.5 በመቶ ለመኖሪያ ቤት ግንባታ እንዲቆረጥ ደነገገ፤ ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ደግሞ 2.75 በመቶ ለጤና መድን ተጨመረበት። በወር 60,000 ሽልንግ የሚከፈለው አንድ መምህር የደመወዝ መግለጫውን ሲዘረጋ፣ ከገቢ ግብሩና ከጡረታው በታች 900 ሽልንግ ለቤት፣ 1,650 ሽልንግ ለጤና ተቀንሶ ያያል፤ ለእርሱ የተሠራ ቤት ግን ገና አላየም። ከዚህ ሁሉ ጀርባ የውጭ ዕዳ እንደ ነበረ አይካድም፤ በሰኔ 2024 የሚከፈል የ2 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ከፊት ተደቅኖ ሳለ፣ በዚያው ዓመት ጥር ላይ አንድ ዶላር ወደ 160 ሽልንግ ተመንዝሮ ነበር። ዕዳውን የቆለለው በአመዛኙ ያለፈው መንግሥት ነው፤ ይሁን እንጂ ሩቶ የዚያው መንግሥት ምክትል ፕሬዚዳንት እንደ ነበሩ የማያስታውስ ኬንያዊ የለም።

በሰኔ 2024 በዳቦ ላይ ሳይቀር ታክስ ለመጣል የታሰበበት ረቂቅ ሕግ ሲቀርብ፣ ወጣቶች አደባባይ ወጥተው ሰኔ 25 ቀን ፓርላማውን ሰብረው ገቡ፤ ፕሬዚዳንቱም በማግሥቱ ረቂቁን ለመፈረም እንቢ አሉ፣ ብዙም ሳይቆዩ ካቢኔያቸውን ከሞላ ጎደል በተኑ። የአገሪቱ የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን በዚያ ዓመት ተቃውሞ ቢያንስ 60 ሰዎች እንደ ሞቱ መዝግቧል። ዓለም ይህን የመራጭ ጸጸት ብሎ ተረጎመው፤ ነገር ግን ለ2022ቱ ምርጫ ከተመዘገቡት መካከል ከ18 እስከ 34 ዓመት ያሉት 40 በመቶ እንኳ አልሞሉም፣ ቁጥራቸውም ከ2017ቱ ያነሰ ነበር፤ በ2024 አደባባይ ከወጡት ብዙዎቹም በምርጫው ጊዜ ዕድሜያቸው ገና አልደረሰም። ስለዚህ ከሁሉ በላይ የጮኸው ወገን በአብዛኛው የሚጸጸትበት ድምፅ ያልሰጠው ሲሆን፣ ድምፁን የሰጠው የተራራው ገበሬና ነጋዴ በዚያ ሰሞን ከሱቁ ደጃፍ ሆኖ ይመለከት ነበር።

የተራራው ሕዝብ ፊቱን በግልጽ ያዞረው በጥቅምት 2024 ነው፤ የአካባቢው ተወላጅ የሆኑት ምክትል ፕሬዚዳንት ሪጋቲ ጋቻጓ በ281 የምክር ቤት አባላት ድምፅ ተከሰው፣ በሴኔቱ ውሳኔ ከሥልጣን በተወገዱ ጊዜ። ሾፌሩ እንደሚለው «ልጃችንን ካባረሩት ወዲህ ነው ሰፈሩ ሁሉ ተታለልን ማለት የጀመረው፤ ናፍጣው ግን ከዚያ በፊትም ውድ ነበር»። በአንጻሩ የራይላ ፓርቲ ሰዎች ወደ ካቢኔው በመግባታቸው፣ ሩቶን አጥብቆ የተቃወመው የምዕራብ ኬንያ መራጭ ቀስ በቀስ ለዘብ ብሏል። እንግዲህ ጸጸት የሚባለው ነገር ታክሱን ተከትሎ ሳይሆን፣ ማዕዱ ላይ የተቀመጠውን ሰው ተከትሎ ከአካባቢ ወደ አካባቢ ሲዛወር ታይቷል ማለት ነው። ስለዚህ ጉዳይ የተጠየቁ አንድ ከፍተኛ የመንግሥት ኃላፊ፣ ጥያቄው በጽሑፍ ይምጣልኝ ካሉ በኋላ በጽሑፍ ለደረሳቸውም መልስ አልሰጡም።

የተጸጸተ መራጭ ምን ማድረግ ይችላል የሚለው ደግሞ ሌላ ምዕራፍ ነው። የ2010ሩ የኬንያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 104 መራጮች የምክር ቤት አባላቸውን ከዘመኑ በፊት መልሰው እንዲጠሩ መብት ሰጥቷል፤ ነገር ግን አፈጻጸሙን የሚዘረዝሩት የምርጫ ሕጉ ዋና ዋና ድንጋጌዎች በ2017 በከፍተኛው ፍርድ ቤት ተሽረዋል፤ አቤቱታውን መቀበል የሚገባው የምርጫ ኮሚሽንም ከጥር 2023 እስከ ሐምሌ 2025 ኮሚሽነር አልነበረውም። ፕሬዚዳንቱን ግን መራጩ መልሶ ሊጠራቸው አይችልም፤ እርሳቸውን ከሥልጣን ማንሣት የሁለቱን ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል። «ዕቃ ብገዛ ደረሰኝ ይኖረኛል፤ ይህን ለማን ነው የምመልሰው?» ይላል ሾፌሩ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 12 ሕዝቡ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ሊያነሣ እንደሚችልና ዝርዝሩ በሕግ እንደሚወሰን ይደነግጋል፤ ይህ መብት ከወረቀት ምን ያህል እንደ ራቀ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

በኅዳር 2025 በተካሄዱት የማሟያ ምርጫዎች፣ ከተራራው ክልል የምቤሬ ሰሜን ወረዳ መቀመጫ የቁጣው መለኪያ ይሆናል ተብሎ ተጠብቆ ነበር፤ ጋቻጓ የደገፉት ዕጩ ግን ከ500 ባነሰ ድምፅ ተሸንፎ መቀመጫው በሩቶ ፓርቲ እጅ ገባ። ተቃዋሚዎች ገንዘብ ተረጭቷል፣ ጫናም ተደርጓል ሲሉ ከሰሱ፤ የገዢው ፓርቲ ሰዎች ደግሞ ተጸጽቷል የተባለው መራጭ የት አለ ብለው ጠየቁ። አጠቃላዩ ምርጫ በነሐሴ 2027 ይደረጋል። ሾፌሩ በዚያ ቀን ማንን እንደሚመርጥ ሲጠየቅ፣ መጀመሪያ ማን ከማን ጋር እንደሚታረቅ ማየት አለብኝ ብሏል።