አኩሪ አተር በቆቦ ጓሮ

በሰሜን ወሎ የምትገኘው ቆቦና በዙሪያዋ ያለው የራያ ቆላ በማሽላው የታወቀ አገር ነው። ገበሬውም ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ በቦይ እየጠለፈ ወደ እርሻው ማግባትን ከአባቶቹ የተማረ ብልህ ነው። ነገር ግን ማሽላ ብቻውን ለሰውነት የሚያስፈልገውን ሁሉ አይሰጥምና፥ ሕፃን ሆዱ ጠግቦ ሳለ አካሉ ሊቀጭጭ ይችላል። ይህን ጉድለት የሚሞላው ጥራጥሬ ነው። ከጥራጥሬም መካከል አኩሪ አተር ከመቶው 40 ያህሉ ፕሮቲን፥ 20 ያህሉ ደግሞ ቅባት ስለ ሆነ፥ ሥጋና ወተት ለማያገኝ ቤት፥ እንዲሁም ለጾመኛ፥ ትልቅ ረዳት ነው። ፋፋ በሚባለው የሕፃናት ምግብ ውስጥ የገባውም ስለዚሁ ነው።

የቆቦ ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ያህል፥ አየሩም ሞቃት ስለ ሆነ፥ ለዚህ ተክል የተስማማ ነው። የሚያሰጋው የዝናቡ ማጠር ነው። በ1965፥ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. በወሎ የደረሰውን የረሀብ መከራ የሚያስታውስ ሰው፥ የማሽላውን እርሻ ለአዲስ ዘር ይልቀቅ ብሎ አይመክርም። ስለዚህ አኩሪ አተር ማሽላውን ሳይነካ፥ የቤት እመቤት ዓይን በማይለየው ጓሮ ይዘራ ዘንድ ይገባል።

ጓሮውን በግንቦትና በሰኔ መቈፈርና በበሰበሰ ፍግ ማዳበር ነው። ዝናቡ በደንብ ሲይዝ፥ በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ መጀመሪያ፥ ፈጥኖ የሚደርሰውን ዘር መርጦ በመስመር መዝራት ይገባል። በመስመርና በመስመር መካከል ግማሽ ሜትር ያህል፥ በፍሬና በፍሬ መካከል ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይተዋል፤ ጥልቀቱም ከ5 ሳንቲ ሜትር አይለፍ። ውሃ የሚተኛበት ቦታ አይስማማውም። ከበቀለ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ካልታረመ አረም ያሸንፈዋል።

በነሐሴ ሲያብብ አንዱን ነቅሎ ሥሩን መመልከት መልካም ነው። በሥሩ ላይ ያሉት ጥቃቅን እባጮች ሲሰነጠቁ ውስጣቸው ቀላ ያለ ከሆነ፥ ተክሉ ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ ራሱን እየመገበ ነው። እባጭ ከሌለው ግን፥ ለሚመጣው ዓመት ዘሩን የሚያሽበትን ሕያው ማዳበሪያ ከግብርና ባለሙያ ይጠይቅ።

ዝናቡ በመስከረም ሲቋረጥ ፍሬው ገና በመሙላት ላይ ስለሚሆን፥ እህልና አትክልት የታጠበበት ውሃ ሳይደፋ ወደ መደቡ ቢገባ ምርቱን ከመጥፋት ያድነዋል። በጥቅምት ቅጠሉ ረግፎ ዛላው ሲደርቅ ሳይፈነዳ በጧት ማጨድ ነው፤ ሥሩ በመሬት ቢቀር አፈሩን ያለማል። የበልግ ዝናብ የማይታመን ስለ ሆነ በበልግ መዝራት መስኖ ላለው ጓሮ ብቻ ይሁን።

አኩሪ አተር ጥሬውን አይበላም፤ ምግብ እንዳይፈጭ የሚከለክል ነገር አለበትና። አንድ ሌሊት ዘፍዝፎ፥ ውሃውን ደፍቶ፥ በሌላ ውሃ በደንብ መቀቀል፥ ገለባውን አሽቶ ማውጣት፥ አድርቆና ቆልቶ መፍጨት ያስፈልጋል። ከዚህ ዱቄት አንድ እጅ ከሦስት እጅ የሽሮ ዱቄት ጋር ቢቀላቀል ጣዕሙን ብዙ አይለውጥም፤ ለሕፃናትም በማሽላ ገንፎ ይገባል።

የአኩሪ አተር ዘር በሙቀት ፈጥኖ የመብቀል ኃይሉን ያጣል፤ በቆላ አገር ይልቁንም። ስለዚህ የቤት እመቤት ከመከሩ ቀን አንሥቶ ለዘር የሚሆነውን ለይታ፥ በደንብ አድርቃ፥ ቀዝቃዛና ደረቅ በሆነ ስፍራ ታኑረው፤ ከመዝራቷም በፊት አሥር ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ትፈትነው። ከአሥሩ ስምንት ቢበቅል ዘሩ መልካም ነው፤ ከአምስት ቢያንስ ግን ሌላ ዘር ትፈልግ። ለዘር የተለየውን እፍኝ የበላ ቤት የከርሞውን መሶብ ከወዲሁ አጕድሏልና።