ለዘር ጆንያ የሚስማማ ገላጭ ጽሑፍ አመራረጥ

ዘር አባዢ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ዘራቸውን አበጥረውና መዝነው ካዘጋጁ በኋላ «በጆንያው ላይ ምን እንጻፍ? በምንስ እንጻፈው?» የሚል ጥያቄ ይገጥማቸዋል። ብዙውን ጊዜ ምርጫው የሚደረገው ዋጋን ብቻ በማየት ነው። በእኛ አስተያየት ግን ገላጭ ጽሑፍ መመረጥ ያለበት ጆንያው የሚያልፍበትን መንገድና በመጨረሻ የሚከፍተውን ገበሬ በማሰብ ነው። የልማት ሠራተኞች ማኅበራትን በዚህ ረገድ እንዲያማክሩ ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

የማይነበብ ጽሑፍ የሚያስከትለው ጉዳት

በ1971 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በኢራቅ ከውጭ አገር የመጣ የስንዴና የገብስ ዘር ለገበሬዎች ታደለ። ዘሩ ሜርኩሪ ባለበት ፀረ ፈንገስ መድኃኒት የታሸ ነበር። በጆንያው ላይ የነበረው ማስጠንቀቂያ የተጻፈው ግን በስፓኒሽና በእንግሊዝኛ ነው፤ የራስ ቅል ሥዕሉም ለገበሬዎቹ ትርጉም አልሰጣቸውም። በብዙ ቦታ ዘሩ የደረሰው የመዝሪያው ወቅት ካለፈ በኋላ ስለነበር ተፈጭቶ ለዳቦ ዋለ። አንዳንዶች ዘሩን በውሃ ቢያጥቡትም የለቀቀው ቀለሙ ብቻ ነበር፤ መርዙ አልለቀቀም። 6,530 ሰዎች ሆስፒታል ሲገቡ ከእነዚህ ውስጥ 459 ሞቱ። ማስጠንቀቂያው በጆንያው ላይ ነበረ፤ አንባቢው ግን አልታሰበም።

በአገራችንም በ2013 እና በ2014 እ.ኤ.አ. በአርሲና በባሌ ዲጋሉ የተባለውን የስንዴ ዝርያ የግንድ ዋግ ክፉኛ አጥቅቶታል። እንዲህ ያለ በሽታ ሲነሳ የመጀመሪያው ጥያቄ «የዘራኸው የትኛውን ዝርያ ነው?» የሚል ነው። መልሱ የሚገኘው ከጆንያው ነው። የዝርያው ስም የጠፋበት ገበሬ በጊዜ ይርጭ ወይም ለሚቀጥለው ዓመት ዝርያ ይለውጥ እንደሆነ ለመምከር ያስቸግራል።

የጽሑፉን ይዘት በሁለት መክፈል

ዘዴውን ከመምረጥ በፊት የሚጻፈውን በሁለት መክፈል ይጠቅማል።

ሀ. የማይለወጥ፦ የማኅበሩ ስምና አድራሻ፣ የሰብሉ ዓይነት፣ የተጣራ ክብደት።

ለ. የሚለወጥ፦ የዝርያው ስም፣ የዘሩ ደረጃ፣ የምድብ ቁጥር፣ የተመረተበት ዓመት፣ የብቅለትና የንጽሕና መጠን፣ የተመረመረበት ቀን፣ ታሽቶ ከሆነ የመድኃኒቱ ስም።

የዘዴዎቹ ጥቅምና ጉድለት

1. በጆንያው ላይ በፋብሪካ የታተመ ጽሑፍ። ዝናብና ጭነት ቶሎ አያጠፉትም። ነገር ግን የሚታዘዘው በብዛት ስለሆነ የብቅለት መጠንና ቀን ለማሳተም አይመችም። የተረፈው ጆንያ በሚቀጥለው ዓመት ውሸት ይናገራል።

2. ፊደል በተቀደደበት ቆርቆሮ ቀለም መቀባት። ወጪው አነስተኛ ነው፤ ለምድብ ቁጥርም ያገለግላል። ጥቃቅን ፊደላት ግን ስለሚደፈኑ ብዙ ቃል ሊጻፍበት አይገባም።

3. ከጆንያው አፍ ጋር አብሮ የሚሰፋ ካርድ። የሚለወጠውን ሁሉ ይይዛል፤ ስፌቱ ካልተፈታ አይለወጥም። ተራ ወረቀት በእርጥበት ስለሚቀደድ ውሃ የሚችል ካርድ ይመረጣል።

4. ተለጣፊ ወረቀት። ለስላሳ ገጽ ላለው አነስተኛ ከረጢት ይስማማል። ከፕላስቲክ ክር በተሠራ አቧራማ ጆንያ ላይ ግን ቶሎ ይላቀቃል። በሙቀት ብቻ፣ ያለ ሪባን የታተመ ጽሑፍም በፀሐይና በሙቀት ይደበዝዛል።

የምንመክረው

ለ50 እና ለ100 ኪሎ ግራም ጆንያ የማይለወጠው በጆንያው ላይ ይታተም፤ የሚለወጠው በሚሰፋ ካርድ ላይ ይጻፍ። የካርዱ ግልባጭ በጆንያው ውስጥ ይጨመር፤ የውጭው ቢጠፋ የውስጡ ይመሰክራል። ለግማሽ ሄክታር በሚበቃው የ12.5 ኪሎ ግራም የበቆሎ ዘር ከረጢት ላይ ተለጣፊ ወረቀት ሊያገለግል ይችላል። ከተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የሚሰጥ የማረጋገጫ ካርድ ካለ የማኅበሩ ካርድ እሱን አይተካም።

ታሽቶ በተዘጋጀ ዘር ላይ «መርዝ ነው፤ ለምግብም ለከብትም አይሁን፤ ቢታጠብም አይነጻም» የሚለው በአካባቢው ቋንቋ በጉልህ ይጻፍ። ሥዕልም ይጨመር፤ የሥዕሉን ትርጉም ግን የልማት ሠራተኛው በቃል ያስረዳ። ባዶው ጆንያም ለእህል መያዣ እንዳይውል ያሳስብ።

ከመግዛት በፊት የሚደረግ ፈተና

ከእያንዳንዱ ዓይነት አምስት አምስት ናሙና ተወስዶ ይጻፍበት። አንዱ በውሃ ውስጥ ይደር፤ አንዱ ሁለት ሳምንት ፀሐይ ላይ ይሰንብት፤ አንዱ በአቧራማ እጅ ይታሽ፤ አንዱ በተሞላ ጆንያ ላይ ሆኖ ከመኪና ይጫንና ይውረድ። አምስተኛው ለማነጻጸሪያ ይቀመጥ። ከዚያም ማንበብ ለሚችል፣ ስለ ዘሩ አስቀድሞ ለማያውቅ አንድ ገበሬ ይሰጡት። ዝርያውን፣ የምድብ ቁጥሩንና ማስጠንቀቂያውን ያለ ረዳት ካነበበ ዘዴው አልፏል።

በመጨረሻም የምድብ ቁጥሩ በማኅበሩ መዝገብ ላይ ካልሰፈረ ካርዱ ዋጋ የለውም። ከየትኛው አባል ማሳ እንደመጣና ለማን እንደተሸጠ አብሮ ይመዝገብ። ዘሩ አልበቅል ያለው ገበሬ ካርዱን ይዞ ሲመጣ ማኅበሩ መዝገቡን ገልጦ መልስ መስጠት የሚችለው ያን ጊዜ ነው።