«የአካል ጉዳት»፣ «የእጅ እልፊት»ና «ሕጋዊ መከላከል»

በፎገራ ሜዳ፣ በወረታ አቅራቢያ፣ ሁለት ገበሬዎች በሩዝ ማሳ ወሰን ተጣልተው አንደኛው ሌላውን ሆን ብሎ በዱላ መታው እንበል። ድርጊቱ በሕግ ቋንቋ ምን ይባላል? የባዕዱን ቃል የተከተለ ተርጓሚ «ከባድ ድብደባ» ሊል ይችላል። ይሁን እንጂ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ «ከባድ» የሚለው ቅጽል የሚያያዘው ከምቱ ሳይሆን ከደረሰው ጉዳት ጋር ነው።

ምቱ የተመታውን ሰው ሕይወት ለአደጋ ካጋለጠ ወይም ጤናውን ለዘለቄታው ከጎዳ «ከባድ የአካል ጉዳት» ይሆናል (አንቀጽ 555)፤ ቅጣቱም እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ሊደርስ ይችላል። ከዚህ ያነሰው «ቀላል የአካል ጉዳት» ነው (አንቀጽ 556)። በአካል ወይም በጤና ላይ ጉዳት ያላስከተለ ምት ደግሞ «የእጅ እልፊት» ይባላል (አንቀጽ 560)።

«መከላከያ»ና «ሕጋዊ መከላከል»ም ሊለዩ ይገባል። «መከላከያ» ተከሳሹ ለክሱ የሚያቀርበው መልስና ማስረጃ ሁሉ ነው፤ «በስፍራው አልነበርሁም» ማለትም በዚሁ ይጠቃለላል። «ሕጋዊ መከላከል» (አንቀጽ 78) ግን መምታቱን ሳይክድ፣ ከሕግ ውጪ የተቃጣበትን ጥቃት በሌላ መንገድ ሊያስወግደው ባለመቻሉ፣ ከሁኔታው በማያልፍ መጠን መመከቱን ማስረዳት ነው። ይህ ከተረጋገጠ አይቀጣም። መጠኑን ካለፈ (አንቀጽ 79) ቅጣቱ ይቀነስለታል፤ ያለፈውም ጥቃቱ ባሳደረበት፣ ይቅር ሊባል በሚችል ፍርሃት ወይም ድንጋጤ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ሳይቀጣው ሊቀር ይችላል።

እንግዲህ ተርጓሚው «መከላከያ» ማለት ሲገባው «ሕጋዊ መከላከል» ቢል፣ «አልመታሁም» ያለውን ሰው «መትቻለሁ» አሰኝቶታል ማለት ነው።