ሴት ልጅ በጦር ግንባር፦ ግዴታውና ፈቃዱ

ሴት ልጅ ወታደር ሆና ጦር ግንባር መሰለፍ ይፈቀድላታል ወይ? ጥያቄው ጦርነት በመጣ ቁጥር አብሮ ይመጣል። መልሱም ብዙ ጊዜ ከሁለት በአንዱ ያበቃል። አንዱ ወገን የሴት ቦታ ቤቷ ነውና ነገሩ ሐራም ነው ብሎ ይዘጋዋል። ሌላው ደግሞ ኑሰይባ (ረ.ዐ) በኡሑድ ሰይፍ መዝዛ የለም እንዴ፣ ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ወንድና ሴት ልዩነት የላቸውም ይላል። በማስተማር ላይ በነበርንባቸው ዓመታት ሁለቱንም መልስ ከተማሪዎች አፍ ሰምተናል፤ ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። ነገሩ የሚጠራው አንድ ነገር ስንለይ ነው። ሴት ልጅ የመዋጋት ግዴታ አለባት ወይ የሚለውና መዋጋት ይፈቀድላታል ወይ የሚለው የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ዑለሞቻችንም ለየብቻ ነው የመለሷቸው።

ከግዴታው እንጀምር፤ እሱ አጭር ነው። የምእመናን እናት ዓኢሻ (ረ.ዐ) ጂሃድ ከሥራዎች ሁሉ በላጭ መሆኑን አይተው እኛ ሴቶችስ አንዘምትም ወይ ብለው ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ጠይቀዋል። ለሴቶች በላጩ ጂሃድ ተቀባይነት ያለው ሐጅ እንደሆነ ነቢዩ እንደነገሯቸው ቡኻሪ ዘግቦታል። ፉቀሃዎችም በዚህ ላይ ተመሥርተው ጂሃድ በማን ላይ ግዴታ እንደሚሆን ሲዘረዝሩ ወንድ መሆንን ከመስፈርቶቹ ውስጥ አስገብተዋል። ኢብኑ ቁዳማ በአል-ሙግኒ ከቆጠሯቸው ሰባት መስፈርቶች አንዱ ይኸው ነው። በተለመደው ጊዜ ሴት ልጅ አልዘመተችም ተብላ በዲን አትጠየቅም፣ ማንም ደግሞ ዲን አዝዞሻል ብሎ ሊያስገድዳት አይችልም ማለት ነው።

ግዴታ ባይኖርባቸውም ግን የሶሓባ ሴቶች ከዘመቻ አልቀሩም። ኡሙ ዐጢያ (ረ.ዐ) ከነቢዩ ጋር ሰባት ዘመቻ ወጥታለች፤ ሥራዋም ከሠፈሩ ኋላ ሆና ምግብ ማብሰል፣ ቁስለኛ ማከምና በሽተኛ ማስታመም እንደነበር በሙስሊም ዘገባ ራሷ ትናገራለች። አር-ሩበይዕ ቢንት ሙዐዊዝ ደግሞ ለተዋጊዎቹ ውሃ ያጠጡ፣ ሟችና ቁስለኛንም ወደ መዲና ይመልሱ እንደነበር በቡኻሪ ተርካለች። ዛሬ በወታደር ቋንቋ ሕክምናና ሎጂስቲክስ የምንለው ክፍል መሆኑ ነው። ይህ ክፍል ከአደጋ የራቀ እንዳይመስለን። ቁስለኛ የሚነሳው ከወደቀበት ነው፤ ቀስትም ውሃ ተሸካሚን ለይቶ አያልፍም።

በዚህ ጉዳይ ከሁሉም በላይ ወደ ሕግ የሚቀርበው ማስረጃ፣ ሰው ብዙም የማያነሳው የኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ደብዳቤ ነው። ከኸዋሪጆች መሪዎች አንዱ የነበረው ነጅዳ ለኢብኑ ዐባስ ጽፎ ረሱል ሴቶችን ይዘው ይዘምቱ ነበር ወይ፣ ከገኒማውስ ድርሻ ይመድቡላቸው ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ። ኢብኑ ዐባስ ለእንዲህ ያለ ሰው መጻፍ ባይወዱም ዕውቀት መደበቅን ፈርተው መለሱ፤ ሙስሊም ዘግቦታል። ሴቶቹ ይዘምቱ እንደነበር፣ ቁስለኛ ያክሙ እንደነበር፣ ከገኒማው ስጦታ ይሰጣቸው እንደነበር፣ ቋሚ የተዋጊ ድርሻ ግን እንዳልተመደበላቸው ጻፉለት። ነገሩ የሒሳብ ዝርዝር ይመስላል፤ ግን ብዙ ይናገራል። ቋሚው ድርሻ ግዴታው ላለበት ነው። ሳይገደድ ወጥቶ ላገለገለ ደግሞ ፉቀሃዎች ረድኽ የሚሉት ስጦታ አለ። ሕጉ የሴቶቹን መዝመት ያውቀዋል፣ ዋጋም ይከፍልበታል፤ ግዴታ ግን አያደርገውም።

አሁን ወደ ኑሰይባ እንምጣ። ኡሙ ዑማራ ኑሰይባ ቢንት ከዕብ (ረ.ዐ) በ3ኛው ዓመተ ሂጅራ ወደ ኡሑድ ስትወጣ የያዘችው የውሃ አቁማዳ ነበር። ባሏና ሁለት ልጆቿም አብረዋት ነበሩ። የሙስሊሞቹ ወገን እያሸነፈ ሳለ ቀስተኞቹ ቦታቸውን ለቀቁ፣ ሠልፉ ተሰበረ፣ ብዙዎቹ ሸሹ። ያን ጊዜ ነው አቁማዳውን ትታ ሰይፍና ቀስት ያነሳችው። ረሱልን ከበው ከተከላከሉት ጥቂት ሰዎች አንዷ ሆነች። ኢብኑ ቀሚአ የተባለው ተዋጊ ትከሻዋ ላይ ያሳረፈባት ቁስል እጅግ ጥልቅ ስለነበር፣ በኋላ ዘመን ጠባሳውን ያየች ሴት የነገረችው በሲራ መጻሕፍት ተመዝግቦ ቀርቷል። ልጇን ሐቢብን ሙሰይሊማ ከገደለው በኋላም ወደ የማማ ዘምታ አንድ እጇን አጥታለች።

ታሪኩን ሙሉውን ያስቀመጥነው ሁለቱም ወገኖች ቆርጠው ስለሚጠቅሱት ነው። ኑሰይባ ለውጊያ ተመልምላ አልወጣችም። ግን ሰይፍ ስታነሳ ረሱል ተመለሺ አላሏትም፤ ሲራው እንደሚተርከው አወድሰዋታል፣ ለእሷና ለቤተሰቧም ዱዓ አድርገዋል። በሑነይንም ኡሙ ሱለይም (ረ.ዐ) ጩቤ ይዛ ታየች። ምን ልታደርጊበት ነው ስትባል ከሙሽሪኮቹ አንዱ ቢጠጋኝ ሆዱን እዘረግፍበታለሁ አለች፤ ነቢዩም ሳቁ። ሙስሊም የዘገበው ነው። መቼም ሐራም የሚሠራ ሰው አይተው አይስቁም።

በዚህ የተነሳ ዑለሞች ፈቃዱን እንደ ሁኔታው ለይተው አዩት። ጠላት አገር ጥሶ ሲገባና አጠቃላይ ጥሪ ሲደረግ መከላከል ፈርደል ዐይን ይሆናል። ያኔ፣ በተለይ በሐነፊ መዝሀብ በግልጽ እንደተጻፈው፣ ሴት ልጅ የባሏን ፈቃድ ሳትጠብቅ ትወጣለች። በሌላው ጊዜ ግን ጥንቃቄ ይበዛል። ኢብኑ ቁዳማ ወጣት ሴት ወደ ጠላት አገር መግባቷን ጠልተው፣ በዕድሜ የገፋች ሴት ውሃ ለማጠጣትና ቁስለኛ ለማከም ብትወጣ ችግር እንደሌለው ጽፈዋል። ምክንያታቸው መማረክን፣ መደፈርንና ከለላ ማጣትን መፍራት ነው። ይህን ፍርሃት ያለፈ ዘመን አስተሳሰብ ነው ብሎ ማጣጣል ይቻላል፤ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ሰሜን በሴቶች ላይ የደረሰውን የሚያውቅ ሰው ግን የሚያጣጥለው አይመስለንም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በቅንፍ እናንሳ። በማኅበራዊ ሚዲያ ስለ ሴት ተዋጊዎች ሲወራ ከኑሰይባ ይልቅ የኸውላ ቢንት አል-አዝወር ታሪክ ይዘወተራል፤ ፊቷን ሸፍና ወንድሟን ከሮማውያን እጅ ያስለቀቀች ፈረሰኛ። አቡ ዳቢ ያለው የሴቶች ወታደራዊ ትምህርት ቤትም በስሟ ተሰይሟል። ታሪኩ የመጣው ግን ለአል-ዋቂዲ ከሚጠጋ ፉቱሕ አሽ-ሻም ከተባለ መጽሐፍ ነው፤ ተመራማሪዎች ደግሞ መጽሐፉ የእሱ መሆኑን አይቀበሉም። ለልጆች የሚነገር ደስ የሚል ትረካ ሊሆን ይችላል። ሕግ ግን አይወጣበትም፤ ኑሰይባና ኡሙ ሱለይም እያሉልንም አያስፈልገንም።

ብዙ ጊዜ የሚረሳ ሌላ ጎን አለ። ረሱል በአንድ ዘመቻ ተገድላ የተገኘች ሴት አይተው ድርጊቱን አወገዙ፣ ሴቶችንና ሕፃናትን መግደልንም ከለከሉ። በአቡ ዳውድ ዘገባ የሰጡት ምክንያት ይህች ሴት የምትዋጋ አልነበረችም የሚል ይዘት አለው። ከዚህ ተነስተው አብዛኞቹ ዑለሞች የምትዋጋ ሴት ይህ ከለላ እንደሚነሳባት ተናግረዋል። የዛሬው የጦርነት ሕግም ሲቪሉን ከተዋጊው የሚለየው በተመሳሳይ መንገድ ነው። እንግዲህ ከግዴታው ነፃ መሆንና ከጥቃት መጠበቅ አብረው የተሰጡ ናቸው። አንዲት ሴት በፈቃዷ ጠመንጃ ስታነሳ ሁለተኛውን ዐውቃ ትተወዋለች። ስትገደድስ? ከለላዋን ሌላ ሰው ወሰደባት ማለት ነው።

ስለዚህ እንደ እኛ አመለካከት ዛሬ በዚህ ርዕስ ትልቁ ጥያቄ ግዳጅ ነው። ግብጽ፣ ቱርክና ኢራን የግዳጅ ውትድርናቸው ለወንድ ብቻ ነው። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶችም እ.ኤ.አ. በ2014 የብሔራዊ አገልግሎት ሕግ ስታወጣ ለወንዶች ግዴታ፣ ለሴቶች በፈቃደኝነት አድርጋዋለች። ጎረቤታችን ኤርትራ በሌላ መንገድ ሄደች። በነፃነት ትግሉ ውስጥ ብዙ ሴቶች በታጋይነት ተዋግተው ነበርና፣ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የብሔራዊ አገልግሎት አዋጅ ወንድ ሴት ሳይለይ ከ18 ዓመት ጀምሮ የ18 ወር አገልግሎት ደነገገ። ወሩ ወደ ዓመታት እንደተለወጠ ዓለም ያውቀዋል። በቆላማው አካባቢና በዐፋር ያሉ ሙስሊም ቤተሰቦች ሴት ልጆቻቸውን ወደ ሳዋ መላክን አጥብቀው ተቃወሙ። ተቃውሞው በፊቅህ መሠረት ያለው ነው። መዘዙ ግን መራራ ሆነ፤ ያገባች ሴት በተግባር ስለምትታለፍ ብዙ ልጃገረዶች ከሳዋ ለመዳን ሲባል ከትምህርት ወጥተው ያለ ዕድሜያቸው ተዳሩ። ልጅቷ ከአንዱ ግዳጅ ወደ ሌላው ነው የተሻገረችው። የመጀመሪያውን በዲን ስም የተቃወመ ወላጅ ሁለተኛውንም በዚያው ሚዛን ሊያየው ይገባ ነበር።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ ሴት በዘመቻ መታየቷ ለኢትዮጵያ ሙስሊም እንግዳ አይደለም። የኢማም አሕመድ ባለቤት ባቲ ድል ወንበራ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከሠራዊቱ ተቃውሞ ቢገጥማትም ከባሏ ጋር ዘምታለች፤ ልጆቿንም የወለደችው በዘመቻ ላይ ሳለች ነው። በደርግ ዘመን በየበረሃው ከታገሉት ሴቶች መካከልም ሙስሊሞች ነበሩ። ዛሬ በፈቃዷ ወደ ሠራዊት ለመግባት የምታስብ እህት የሚገጥማት ጥያቄ ታዲያ በአብዛኛው ተግባራዊ ነው። ሶላቷን የምትሰግድበት ጊዜ፣ ሒጃቧ፣ የምታድርበት ክፍል፣ ከወንድ አለቃ ጋር ብቻዋን የምትሆንበት ሁኔታ፣ በደል ቢደርስባት አቤት የምትልበት ቦታ። እነዚህ የተሟሉለት የሕክምና፣ የመገናኛ ወይም የምህንድስና ክፍል የኡሙ ዐጢያን መንገድ የተከተለ ነው፤ የሚከለክልበት ምክንያት አይታየንም። የፊት ለፊት ውጊያ ምድብ ከሆነ ግን፣ አገር ካልተወረረ በቀር፣ የዑለሞቹን ጥንቃቄ እንድትይዝ እንመክራለን። አብራሪነትን የመሰለ ሥራ ከሁለቱ የትኛው ነው የሚለው ለውይይት ክፍት ነው፤ ኤምሬታዊቷ መርየም አል-መንሱሪ እ.ኤ.አ. በ2014 በሶርያ የአየር ጥቃት ላይ መሳተፏም ለዚህ ምሳሌ ነው። ከዚህ ሁሉ በፊት የሚቀድም ጥያቄም አለ፤ ጦርነቱ ራሱ ፍትሐዊ ነው ወይ? ይህን ወንዱም ሴቷም እኩል ይጠየቁበታል፤ ወገን ከወገኑ ሲዋጋ ደግሞ ይበልጡን።

ስለሚመለሱት እህቶችም እናንሳ። በ1983 ዓ.ም. ትግሉ ሲያበቃ ጠመንጃ ያስቀመጡ ብዙ ሴቶች ትዳር ራቃቸው፤ ጎረቤትም በጥርጣሬ ዐይን አያቸው። ዛሬም ከሰሜኑ ጦርነት አካላቸውን አጥተው የተመለሱ አሉ። የዘመቱት ትክክል ይሁን ስሕተት ብለን ስንከራከር፣ እነሱ በመስጂዳችን ጓሮ በኩል ገብተው በጓሮ በኩል ይወጣሉ። መጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች እንዲህ አላደረጉም። አቡበክር (ረ.ዐ) ኸሊፋ ሳሉ ኑሰይባን እየሄዱ ይጠይቋት ነበር። ዑመር (ረ.ዐ) ደግሞ ለመዲና ሴቶች ልብስ ሲያከፋፍሉ አንድ ጥሩ ኩታ ተረፈ፤ አጠገባቸው የነበሩት ለባለቤትዎ ይስጡት አሏቸው። የባለቤታቸው ስም ኡሙ ኩልሡም ነው፣ የረሱል የልጅ ልጅ። ዑመር እምቢ አሉ። ከእሷ ይልቅ የሚገባው ለኡሙ ሰሊጥ ነው፤ በኡሑድ ቀን የውሃ አቁማዳ ትሸከምልን ነበር ብለው ኩታውን ለእሷ አደረጉት።